ደብዳቤን ከመፈጸም አስቀድሞ ላኪውን መመርመር ይገባል

የሰው ልጅ ፊት ለፊት ሊነጋገር በማይችልበት ጊዜ አሳቡን በጽሕፈት መግለጥ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ፥ ደብዳቤ የአንደበት ምትክ፥ ማኅተምም የባለቤቱ ምትክ ሆኖ ኖሯል። መንግሥት የሚተዳደረው፥ ንግድ የሚካሄደው፥ ቤተ ክርስቲያንም ከአህጉረ ስብከት እስከ አጥቢያ የምትገናኘው በዚሁ እምነት ነው። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ በየጊዜው «ይህን የጻፈው በውነት ስሙ የተጻፈው ሰው ነውን» እያለ ሲጠራጠር ቢውል ኖሮ ሥራ ሁሉ በተቋረጠ ነበር። ነገር ግን ለሥራ የሚያስፈልገው ይህ እምነት ራሱ ለሌባ መግቢያ ሆኖ ሲገኝ፥ በሩን ሳይዘጉ በበሩ ላይ ዘበኛ ማቆም የብልህ ሰው ተግባር ነው።

ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ነገር፥ በባንክ ወይም በመሥሪያ ቤት ወይም በታወቀ ሰው ስም የሐሰት ደብዳቤ በኢሜይል እየላኩ፥ የሰውን የባንክ ሒሳብ፥ የምሥጢር ቁጥርና የይለፍ ቃል አስወጥተው ገንዘቡን ስለሚወስዱ ሰዎች ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ተንኰል «ፊሺንግ» ይሉታል። ስሙ የወጣው በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ፥ አሜሪካ ኦንላይን የተባለውን የኢንተርኔት ድርጅት ደንበኞች እያታለሉ የይለፍ ቃል ይሰርቁ ከነበሩ ሰዎች ዘንድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ በውጭ አገር ስለ ተደረገው ነገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በእኛም ቋንቋ «ማሥገር» ተብሏል። ምሳሌው የተወሰደው ከዓሣ አጥማጅ ነው፤ አጥማጁ ዓሣውን እየተከተለ አያሳድደውም፤ መንጠቆውን ምግብ አልብሶ ወደ ውኃው ይጥለዋል እንጂ። ዓሣውም በራሱ ፈቃድ መጥቶ ይውጠዋል። ቤት ሰባሪ ሌባ ባለቤቱ ሳያውቅ ይገባል፤ በማሥገር የሚሰርቅ ሌባ ግን ቁልፉን ከባለቤቱ እጅ ይቀበላል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አመስግኖ ይሰጠዋል።

ይህ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከኢሜይል አፈጣጠር ይጀምራል። መልእክት በመረብ ላይ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በኢሜይል መላክ የተጀመረው በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሥራ ነው። በ1982 መልእክቱ የሚጓዝበት ደንብ ሲጻፍ በመረቡ የሚጠቀሙት ሰዎች ጥቂቶችና አብዛኞቹም የሚተዋወቁ ሊቃውንት ስለ ነበሩ፥ የላኪው ስም እውነተኛ መሆኑን የሚመረምር ሥርዓት አልተጨመረበትም። ስለዚህ በኢሜይል ራስጌ ላይ የሚታየው የላኪ ስም፥ በፖስታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ ስም ያለ ነው፤ ማንም ሰው የወደደውን ስም ሊጽፍበት ይችላል። ከዚያ ወዲህ የላኪውን አድራሻ የሚመረምሩ ደንቦች ተጨምረዋል፤ ዳሩ ግን ሁሉም ድርጅት አልሠራባቸውም። ደግሞም ደንቦቹ የሚመረምሩት መልእክቱ የመጣበትን አድራሻ ነው እንጂ የጻፊውን ልብ አይደለም። እውነተኛ ከሆነ፥ ነገር ግን ሌባ ከከፈተው አድራሻ የመጣውን ደብዳቤ ደንቡ ሊያስቀረው አይችልም።

በሰው ስም ደብዳቤ ጽፎ ክፉ ሥራ መሥራት ግን ከኢሜይል ጋር የተወለደ ነገር አይደለም። መጻሕፍትን የተማሩ አባቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ኤልዛቤል የናቡቴን የወይን ቦታ ለመውሰድ ስትመክር ሠራዊት አላዘመተችም፤ በአክዓብ ስም ደብዳቤ ጽፋ፥ በአክዓብ ማኅተም አትማ ወደ ከተማው ሽማግሌዎች ላከች እንጂ። ሽማግሌዎቹም ማኅተሙን አይተው የታዘዙትን ፈጸሙ፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ወደ ንጉሡ ሄዶ «ይህ ያንተ ቃል ነውን» ብሎ አልጠየቀም። ናቡቴም ሞተ። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በተሰሎንቄ የነበሩት ምእመናን ከእርሱ የመጣ በሚመስል መልእክት እንዳይናወጡ አስጠንቅቋቸዋል፤ በዚያው መልእክት መጨረሻም ሰላምታውን በገዛ እጁ ጽፎ ይህ የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት መሆኑን ነግሯቸዋል። ከነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ደብዳቤ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ብቻውን እንደማይበቃና ከሌላ በኩል የሚታወቅ ምልክት እንደሚያስፈልገው ነው።

ይህ ትምህርት ለአገራችን ገንዘብም ምን ያህል የቀረበ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነገር በ2008 ተደርጓል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው ሲቲባንክ ሒሳብ ነበረው። አታላዮች የብሔራዊ ባንኩን ሹማምንት ፊርማ አስመስለው ወረቀት አዘጋጁና፥ ወደ ፊት የገንዘብ ማስተላለፊያ ትእዛዝ በፋክስ እንደሚመጣና ትእዛዙን ለማረጋገጥ ሊደወልላቸው የሚገባቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥር ጨምረው ወደ ሲቲባንክ ላኩ። ሲቲባንክም ፊርማውን ከመዝገቡ ጋር ቢያስተያየው ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። በጥቅምት ወር ትእዛዞቹ መምጣት ሲጀምሩ የባንኩ ሠራተኞች በተሰጣቸው ቁጥር እየደወሉ ጠየቁ፤ ከወዲያ ማዶ ያሉትም ሰዎች «አዎን፥ ትእዛዙ የእኛ ነው» ብለው አረጋገጡ። ነገር ግን ስልኮቹ በናይጄሪያ፥ በደቡብ አፍሪካና በእንግሊዝ አገር የነበሩ የአታላዮቹ የእጅ ስልኮች ነበሩ። በዚህ አኳኋን ከሃያ በሚበልጡ ትእዛዞች 27 ሚልዮን ዶላር ያህል ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላለፈ። ነገሩ የተገለጠው ገንዘቡ የተላከባቸው አንዳንድ ባንኮች ልንቀበለው አልቻልንም ብለው በመለሱ ጊዜ፥ ብሔራዊ ባንኩም ተጠይቆ ትእዛዙን እንደማያውቀው በተናገረ ጊዜ ነው። ሲቲባንክ ገንዘቡን ለብሔራዊ ባንኩ ተክቷል፤ ከአታላዮቹም አንዱ በአሜሪካ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀርቧል።

አንባቢ ይህን ነገር በጥንቃቄ ይመልከተው። የኒውዮርኩ ባንክ ሠራተኞች ቸልተኞች አልነበሩም፤ ፊርማ አስተያይተዋል፥ ስልክም ደውለዋል። ጥፋቱ የደወሉበትን ቁጥር ያገኙት ከዚያው ከሚመረመረው ወረቀት መሆኑ ነው። ተከሳሽን «የመልካም ጠባይህን ምስክር አንተው ምረጥልን» እንደ ማለት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስጨብጥ የምንፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ደብዳቤን ደብዳቤው ራሱ ባመለከተው መንገድ ማረጋገጥ እንዳለማረጋገጥ ይቈጠራል። ማረጋገጫው ከደብዳቤው ውጭ በሆነ፥ አስቀድሞ በታወቀ መንገድ ሊሆን ይገባል። በፋክስ ወረቀት የተደረገው ይህ ተንኰል ዛሬ በኢሜይል ሲሆን ወጪው ቀለለ፥ ፍጥነቱ ጨመረ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም።

የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል። በ2015 መጀመሪያ ላይ ለባንኩ ሠራተኞች ሥራ ከሚፈልግ ሰው የመጣ የሚመስል፥ ትሕትና የተሞላ የኢሜይል ደብዳቤ ደረሳቸው። የሕይወት ታሪኬን ከዚህ ተመልከቱልኝ የሚል ነበር። ያንን የከፈተ ሠራተኛ ሳያውቅ ለሌቦቹ ደጁን ከፈተላቸው፤ የአሜሪካ መንግሥት ዐቃብያነ ሕግም ይህን የሠሩት ለሰሜን ኮርያ መንግሥት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ብለው በ2018 ከስሰዋል። ሌቦቹ አንድ ዓመት ያህል በባንኩ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ተሸሽገው አሠራሩን ሲያጠኑ ቈዩ። ከዚያ በኋላ በየካቲት 2016፥ በባንግላዴሽ ዓርብና ቅዳሜ ሥራ የማይሠራበት ቀን መሆኑን አይተው፥ ሐሙስ ማታ በኒውዮርክ ወዳለው የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ 35 ትእዛዞች ላኩ። የጠየቁት ገንዘብ 951 ሚልዮን ዶላር ያህል ነበር። አብዛኛው ትእዛዝ ታገደ፤ ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚልዮን ዶላርም «ፋውንዴሽን» የሚለውን ቃል «ፋንዴሽን» ብለው ስለ ጻፉት መካከለኛው ባንክ ተጠራጥሮ ጠየቀና ተረፈ። ወደ ፊሊፒንስ የሄደው 81 ሚልዮን ዶላር ግን የቁማር ቤቶችን አቋርጦ ጠፋ፤ ከዚያ የተመለሰው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ የአንድ አገር ሕዝብ ሀብት በአንድ የሥራ ማመልከቻ ጠፋ፤ ቀላል የማይባለው ክፍል ደግሞ ስሕተት አይቶ «ይህ ምንድን ነው» ብሎ በጠየቀ አንድ ባንክ ተረፈ።

ይህ የሚደርሰው በድኻ አገርና ባልተማረ ሰው ላይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ከ2013 እስከ 2015 አንድ የሊትዌንያ ሰው የታወቀ የዕቃ አቅራቢ መስሎ የሒሳብ ደብዳቤ በኢሜይል እየላከ፥ በዓለም የኢንተርኔት ጌቶች ከተባሉት ከጉግልና ከፌስቡክ ከ100 ሚልዮን ዶላር በላይ ተቀብሏል፤ በ2019ም በኒውዮርክ የ5 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ አሩፕ በተባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ድርጅት የሆንግኮንግ ቅርንጫፍ የሚሠራ አንድ ሰው፥ ከገንዘብ ሹሙ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ ደርሶት መጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር። ነገር ግን በቪዲዮ ስብሰባ ተጠርቶ የአለቃውንና የባልደረቦቹን መልክ አየ፥ ድምፃቸውንም ሰማ፤ ያን ጊዜ ጥርጣሬውን ጥሎ 25 ሚልዮን ዶላር ያህል አስተላለፈ። ያየው መልክና የሰማው ድምፅ ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የቀረጸው ምስል ነበር። በአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ዘንድ በ2023 በኢንተርኔት ተታለልን ብለው ያመለከቱ ሰዎች የጠፋባቸው ገንዘብ በጠቅላላው 12 ቢልዮን ከ500 ሚልዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 2 ቢልዮን ከ900 ሚልዮን ያህሉ በንግድ ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ኢሜይል ስም በተደረገ ማታለል የተወሰደ ነው።

በአገራችን የገንዘብ አያያዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓመተ ምሕረት ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ከ50 ሚልዮን የሚበልጡ ሰዎች ተመዝግበውበታል፤ ባንኮቻችንም ሁሉ በእጅ ስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስን አስለምደዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ገበሬው ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ በመንገድ ከሚሄድ፥ የደብሩም ገንዘብ በሣጥን ከሚቀመጥ ይልቅ የተሻለ ነው። ዳሩ ግን ሣጥኑን ይጠብቅ የነበረው ዘበኛና የብረት ቁልፍ ነበረ፤ አሁን የሚጠብቀው ባለቤቱ በልቡ የያዘው አራት ወይም ስድስት አኀዝ ነው። ሌባውም ሣጥን መስበሩን ትቶ አኀዙን ወደ መጠየቅ ዞሯል። ማሥገር በአገራችን በኢሜይል ብቻ ሳይሆን በስልክ ጥሪ፥ በአጭር መልእክትና በቴሌግራምም ይመጣል፤ መንገዱ ቢለያይም መንጠቆው አንድ ነው።

ቀድሞ ቋንቋችን ራሱ እንደ አጥር ይጠብቀን ነበር። የውጭ አገር አታላይ በአማርኛ ሊጽፍልን ቢሞክር ዐረፍተ ነገሩ ስለሚሰናከል ወዲያው ይታወቅበት ነበር። ዛሬ ግን የትርጕም መኪናዎች እየተሻሻሉ ሄደዋል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ያማረ ነውና እውነት ነው ማለት፥ ጽሑፉ የተበላሸ ነውና ሐሰት ነው ማለትም ከእንግዲህ ወዲያ የሚበቃ ፍርድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንደሚፈልግ፥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰውም ሰው ላይ ላዩን የሚታየውን የባንክ ስምና የድርጅት ዐርማ ትቶ፥ «ይህ ደብዳቤ ከእኔ የሚፈልገው ምንድን ነው» ብሎ ውስጡን ይመርምር።

ሌቦቹ በመንጠቆው ላይ የሚያለብሱት ምግብ ብዙ ዐይነት ቢመስልም በሦስት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ «ሒሳብህ ሊዘጋ ነው፥ ግብርህን ባለመክፈልህ ልትከሰስ ነው» ይላል። ሁለተኛው ምኞት ነው፤ «ዕጣ ወጥቶልሃል፥ ውርስ ደርሶሃል፥ የውጭ አገር ትምህርት ተፈቅዶልሃል» ይላል። ሦስተኛው አክብሮት ነው፤ በአለቃ ወይም በአባት ስም መጥቶ «ይህን አሁኑኑ ፈጽም፥ ለማንም አትናገር» ይላል። በሦስቱም ላይ የማይለይ አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም ጥድፊያ ነው። አታላይ የሚጠላው ነገር ቢኖር ሰው ቁጭ ብሎ የሚያስብበትን ጊዜ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ በዚህ ነገር ግን የፈሰሰው ብዙ ጊዜ የማይለቀም በመሆኑ ይብሳል።

በአክብሮት ስም የሚመጣው በተለይ ለካህናት የሚነገር ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ምእመናንን ሲያስጠነቅቅ፥ አታላዮች የአብያተ ክርስቲያናትን አገልጋዮች መስለው በኢሜይል እየጻፉ ለታመመ ወይም ለተቸገረ ሰው መርጃ ነው በማለት የስጦታ ካርድ እንዲገዛላቸው እንደሚጠይቁ ገልጧል። በአሜሪካና በአውሮፓ፥ በዐረብ አገሮችም የሚኖሩ ወገኖቻችን ለአጥቢያቸውና በአገር ቤት ለሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መስጠትን እንደ ትልቅ በረከት የሚቈጥሩ ናቸውና፥ ይህ ማስጠንቀቂያ እነርሱንም ይነካል። አንድ ምእመን በአባቱ ስም ተታልሎ ገንዘቡን ቢያጣ፥ የሚጎዳው ከረጢቱ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛው ችግረኛ ቢለምነው እጁን ይሰበስባል።

የላኪውን አድራሻ ማንበብ የሚያስቸግር ቢመስልም እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ቀላል ነው። በአገራችን ልማድ የሰውየው ስም ቀድሞ ይጻፋል፥ የአባቱ ስም ይከተላል። የኢንተርኔት አድራሻም እንደዚሁ ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ስም ሌባው እንደ ወደደ ያወጣዋል፤ የባለቤትነቱ ስም ግን ወደ ኋላ፥ «ነጥብ ኮም» ወይም «ነጥብ ኢቲ» ከሚለው መጨረሻ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ የታወቀ የባንክ ስም ከፊት ተጽፎ፥ ነገር ግን ከመጨረሻው በፊት ያለው ስም ባዕድ ቢሆን፥ ልጁ በሰው ስም ተጠራ እንጂ አባቱ ሌላ ነው። የፊደልም ማስመሰል አለ። በግእዝ «ሰአሊ» በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ ለማኝ፥ «ሠዓሊ» በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ሥዕል የሚሥል መሆኑን የቅኔ ቤት ተማሪ ያውቃል፤ በላቲን ፊደልም «ኦ» የተባለው ፊደልና ዜሮ፥ ትንሹ «ኤል» እና የአንድ አኀዝ ለዐይን ተመሳሳዮች ናቸውና ሌባው አንዱን በሌላው ይለውጣል። በገጹ ራስ ላይ የሚታየው የቁልፍ ሥዕልም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ቁልፉ መልእክቱ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው መታሸጉን ያሳያል እንጂ ተቀባዩ ቅን ሰው መሆኑን አይመሰክርም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰው ሊያደርገው የሚገባውን በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፥ የምሥጢር ቁጥርን፥ የይለፍ ቃልንና በስልክ የሚላከውን የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አለመስጠት ነው፤ እውነተኛ ባንክ የምሥጢር ቁጥርህን ንገረኝ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ቢኖር በመጠየቁ ብቻ ሐሰተኛነቱ ታውቋል። ሁለተኛ፥ በደብዳቤው ውስጥ የተሰጠውን ማስፈንጠሪያ አለመጫን፥ ነገር ግን የባንኩን ገጽ ወይም መተግበሪያ ራስ ዐውቆ መክፈት ነው። ሦስተኛ፥ ማረጋገጥ ሲያስፈልግ በባንክ ደብተር ወይም በካርድ ጀርባ ላይ በታተመው ስልክ መደወል ነው። አራተኛ፥ ኢሜይልን በይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን በሁለተኛ ማረጋገጫ ጭምር መዝጋት ነው። ኢሜይሉ የተሰረቀበት ሰው የሌሎቹን ደጆች ቁልፍ ሁሉ አብሮ ያጣልና። የጉግል ድርጅት በ2017 ሠራተኞቹ ሁሉ በእጅ በሚያዝ የማረጋገጫ ቁልፍ እንዲገቡ ካዘዘ በኋላ፥ ከ85,000 ከሚበልጡት ሠራተኞቹ መካከል የሥራ ሒሳቡን በማሥገር የተነጠቀ አንድም እንዳልተገኘ በ2018 አስታውቋል። ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ዐውቆ አስቀድሞ ሁለተኛ በር ማበጀት እንዲህ ይጠቅማል።

ነገር ግን ምክሩን ሁሉ ለግለሰብ ብቻ ሰጥተን ብንቀመጥ ዋናውን ነገር ትተነዋል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ያለውን ልማድ እንመልከት። ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ራስጌው፥ ማኅተሙና የትእዛዙ ቃል ከታየ በኋላ ሳይዘገይ ይፈጸማል። የበታች ሠራተኛ ወደ ሹሙ ደውሎ «ጌታዬ፥ ይህን ደብዳቤ እርስዎ ጽፈውታልን» ብሎ ቢጠይቅ፥ እንደ ደፋር ወይም እንደ ሥራ አጓታች ሊቈጠር ይችላል። በብዙ ቦታ ሒሳብ ሹሙ የሚፈራው ገንዘቡ እንዳይጠፋ ሳይሆን አለቃው እንዳይቈጣ ነው። ሌባው የሚያጠምደው እንግዲህ ይህን ፍርሃት ነው። የሠራተኛውን ዕውቀት ሳይሆን የሠራተኛውን መፍራት አጥንቶ ይመጣል። ታዛዥነት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የማይጠይቅ ታዛዥነት ለእውነተኛው ሹምና ሹም መስሎ ለሚመጣው ሌባ እኩል ያገለግላል። የናቡቴ ከተማ ሽማግሌዎች ታዛዦች ነበሩ።

ስለዚህ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ፥ ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ነገር አለ። ለበታቾቻቸው «በስሜ ገንዘብ እንዲወጣ ወይም የክፍያ ሒሳብ ቁጥር እንዲለወጥ የሚያዝ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ፥ በምታውቁት ስልኬ ደውላችሁ ወይም ወደ ቢሮዬ መጥታችሁ ሳትጠይቁኝ አትፈጽሙ፤ በመጠየቃችሁም አልቈጣም» ብለው በግልጥ፥ ቢቻልም በጽሑፍ ይንገሯቸው። የተናገሩትንም በሥራ ይግለጡት፤ በሚበዛበት ሰዓት የጠየቀውን ጸሓፊ የገሠጸ ሹም፥ የሚቀጥለውን ሐሰተኛ ደብዳቤ ራሱ ፈርሞ እንደ ላከው ይቈጠራል። በአድባራትና በገዳማትም እንዲሁ ነው፤ ክፍያ በአንድ ሰው ስልክና በአንድ ሰው ቃል እንዳይፈጸም፥ የሰበካ ጉባኤው ሁለት ሰዎች ተያይተው እንዲፈቅዱ ቢደረግ፥ ይህ አለቃውን ማማት ሳይሆን አለቃውን ከሐሜት ማዳን ነው። የራሱን ገንዘብ የሚያጣ ሰው ራሱን ይጎዳል፤ የዐደራ ገንዘብ የሚያጣ ግን የደመወዝተኛውን እንጀራ፥ የጧሪ አልባውን ምጽዋት ነው የሚያጠፋው።

ከዚህም ጋር የኀፍረት ነገር አለ። ተታልሎ የይለፍ ቃሉን የሰጠ ሰው ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ የመጀመሪያ አሳቡ መደበቅ ነው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ዝም ይላል። ሌባውም በዚያ ዝምታ ውስጥ ይሠራል። ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ በሚዘዋወርበት በመጀመሪያው ሰዓት ቢደወል ሊታገድ የሚችለው፥ በሦስተኛው ቀን ቢነገር ዱካው ይጠፋል። በባንግላዴሽ ባንክ የደረሰውም እንዲሁ ነው፤ ገንዘቡ ይቁም የሚለው መልእክት ወደ ማኒላ በደረሰበት ሰኞ ቀን የቻይናውያን የዘመን መለወጫ በዓል ሆኖ ባንኩ ዝግ ነበር፤ በማግሥቱ ገንዘቡ ወጣ። ስለዚህ ስሕተቱን ፈጥኖ ለባንኩና ለፖሊስ የተናገረ ሠራተኛ ሊመሰገን እንጂ ሊቀጣ አይገባውም። ስሕተትን የሚቀጣ መሥሪያ ቤት ስሕተትን አያጠፋም፤ ስሕተትን መደበቅ ያስተምራል እንጂ።

ሕግስ ምን ይላል ለሚል ሰው፥ በ2008 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚደረገውን ማታለልና የሌላውን ሰው ማንነት መስረቅን ወንጀል አድርጎ ቅጣት ወስኖበታል። በ2016 ዓመተ ምሕረት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የያዙ ድርጅቶች መረጃውን እንዲጠብቁ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ይህ ሁለተኛው ዐዋጅ ከማሥገር ጋር ያለው ግንኙነት ቀላል አይደለም። ሌባ የሰውዬውን ሙሉ ስም፥ ባንኩንና ስልኩን አስቀድሞ ካወቀ የሚጽፈው ደብዳቤ ይታመንለታልና፤ በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ የሚጣለው የመታወቂያ ግልባጭና በየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚለጠፈው የስምና የስልክ ዝርዝር ለመንጠቆው ምግብ ማዘጋጀት ነው። ሕጉ ግን አጥፊውን የሚያገኘው ከተያዘ በኋላ ነው፤ አጥፊውም ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ተቀምጧል። የሕግ እጅ እስኪደርስ ድረስ የሚጠብቀን የራሳችን ልማድ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ይህን ስንል ሰው ሁሉ በወንድሙ ላይ ክፉ ጥርጣሬ ይያዝ ማለታችን አይደለም። ወንድምን መጠራጠርና በወንድም ስም የመጣን ወረቀት መመርመር የተለያዩ ናቸው፤ እንዲያውም ወረቀቱን የሚመረምር ሰው የወንድሙን ስም ከሌባ እጅ ያድናል። የሚመረምር ሠራተኛ ጌታውን አልናቀም፤ የጌታውን ፊርማ አክብሯል። እንግዲህ ሹማምንት ለመጠየቅ ነጻነት ይስጡ፤ ሠራተኞችም ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ካህናትም ይህን ነገር ከዐውደ ምሕረት በሚገባው ቋንቋ ለሕዝቡ ያስተምሩ። ኢሜይልን ያላየች እናት እንኳ «የምሥጢር ቁጥርሽን ንገሪኝ የሚልሽ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለውን አንድ ቃል ከታመነ አባት ብትሰማው፥ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ገንዘቧን ይጠብቅላታል። እግዚአብሔር የድካማችንን ፍሬ ከሚያጠምዱት እጅ ይጠብቅ፤ እኛም ልባሞች ሆነን እንድንጠብቀው ማስተዋልን ይስጠን።